ልጄ ሲያለቅስ ደስ ያለኝ ምሽት

የጠፋብኝን ገንዘብ ከተካሁ ቆየሁ። አንድ ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ መለስኩት፤ አለቀ። ያላለቀልኝ ሌላ ነገር ነው። እሑድ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ሶፋው ላይ ፊቱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ እየተንሰቀሰቀ ያለቅስ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ የነበርኩት እኔ፣ አባቱ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታው ትንሽ አልነበረም። ደረቴ ሞቀ፣ እጄ ላብ አወጣ፣ ፈገግታዬን ለመደበቅ አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ልጄ ቀና ብሎ ቢያየኝ አብሬው ያዘንኩ ይመስለው ነበር።

የሚያውቁኝ ሰዎች «ቁማር አክስሮት ተወ» ይላሉ። መክሰሩንስ ከስሬያለሁ። ኪሳራ ብቻ ቢሆን ግን የምተው አይመስለኝም። የከሰረ ሰው የሚያስበው ማስመለስን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሳስብ ነው የከረምኩት። ያቆመኝ ያ ደስታ ነው። ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ይዤው ዞርኩ።

## ብላክታውን

የምንኖረው ከሲድኒ በስተ ምዕራብ፣ ብላክታውን ነው። ባቡሩ ከእኛ አልፎ ወደ ተራሮቹ ሲጠጋ ፔንሪት ይደርሳል። በዚህ መስመር ላይ ያደገ ልጅ በራግቢ ሊግ ወይ የፔንሪት ፓንተርስ ደጋፊ ነው ወይ የፓራማታ፤ ልጄ ፓንተርስን መረጠ። ቡድኑ ደግሞ በ2021 እና በ2022 ዋንጫውን ወስዶ፣ በዚያ እሑድ ሦስተኛውን ለማንሳት ከብሪስበን ብሮንኮስ ጋር ሊጫወት ነው። ልጄ ቡድኑ ተሸንፎ ዋንጫ ሲያጣ ያየበት ጊዜ ትዝ አይለውም።

ራግቢ ሊግን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። በየወገኑ 13 ሰው፣ ጨዋታው 80 ደቂቃ። ኳስ የያዘው ቡድን ተይዞ እስኪጣል ይሮጣል፤ ስድስት ጊዜ ከተጣለ ለሌላው ያስረክባል። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር ማዶ መሬት ያስነካ አራት ነጥብ ያገኛል፤ ትራይ ይሉታል። ከዚያ በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካሳለፋት ሁለት ይጨመርለታል። አንድ የተሟላ ትራይ ስድስት ነው ብላችሁ ያዙት፤ የሚቀጥለውን ለመከተል ይበቃል።

እኔ ጨዋታውን የወደድኩት በልጄ በኩል ነው፤ ውርርዱን የተማርኩት ግን ሥራ ቦታ ነው። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። አርብ አርብ ሻይ ሰዓት ላይ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ አሥር አሥር ዶላር «መልቲ» ይቆርጣል፤ አገር ቤት ትኬት የምንለው ነው፣ ብዙ ግምት በአንድ ላይ የሚታሰርበት። መጀመሪያ ላይ ወሬው ነበር የሳበኝ። እንግሊዝኛዬ ደካማ በነበረበት ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር እኩል የማወራበት ነገር አገኘሁ፤ ሰኞ ጠዋት «አንዷ አበላሸችብኝ» ብዬ ጭንቅላቴን ስነቀንቅ ሁሉም ይረዳኛል። ይሄን የምለው ራሴን ለማጽደቅ አይደለም። ብዙዎቻችን በስደት የምንገባበት በር ብቸኝነት ስለሆነ ነው።

አሥሩ ሃምሳ ሆነ፣ ሃምሳው ሁለት መቶ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ትኬት ሲቆርጥ በስልክ እቆጣው የነበርኩት በዚያው ሰሞን ነው። «ያንተ ቁማር ነው» እለው ነበር። የእኔን ምን ብዬ እጠራው እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም። ስም አልሰጠሁትም መሰለኝ።

## የእቁቡ ብር

እቁባችን ሃያ ሰው ነው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሺህ ሺህ ዶላር እናዋጣለን፤ ዕጣ የወጣለት ሃያ ሺህ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ገንዘብ መኪና የገዛ አለ፣ ወንድሙን ያስመጣ አለ፣ አገር ቤት ለእናቱ ቤት የሠራ አለ።

በዚያ እሑድ ጠዋት ሺውን ዶላር በፖስታ አድርጌ ኪሴ ከትቼው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን አልሄድኩም። ለሰብሳቢያችን ደወልኩላቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልመችም። ነገ ማታ ቤት ድረስ አመጣዋለሁ።»

«ምን ችግር አለው ልጄ» አሉኝ። «ያንተማ እጄ ላይ እንዳለ ነው የምቆጥረው።»

ይህችን ቃል ሰምቼ ስልኩን ዘጋሁ። ገንዘቡን ባንክ አስገባሁ፣ ከባንክ ወደ ውርርዱ መተግበሪያ አዛወርኩ፣ ብሪስበን ያሸንፋል ብዬ አስያዝኩ። ፔንሪት ያሸንፋል ተብሎ ስለሚጠበቅ ብሪስበን የሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ነበር። ሒሳቤ ቀላል ነው፦ እቁቡን ነገ እከፍላለሁ፣ የዓመቱን ኪሳራዬን አስመልሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ አቆማለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰማይ ላይ ያለችውን ላም እያለብኩ እንደሆነ ግን አልታየኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የልጄ ቡድን መሆኑን ረስቼው አይደለም። አስቤበታለሁ። «ፔንሪት ካሸነፈ ልጄ ይደሰታል፣ ብሪስበን ካሸነፈ ገንዘብ አገኛለሁ፤ በሁለቱም መንገድ ከቤቴ ደስታ አይጠፋም» አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቁርስ ላይ ልጄ እንጀራ ፍርፍሩን እየበላ «አባ፣ ፌቨሪቶቹ እኛ ነን» አለኝና የፔንሪትን ኦድ፣ አወራራጆቹ ለአንድ ዶላር የሚከፍሉትን፣ እስከ ነጥቡ ድረስ ነገረኝ። ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ የያዘው ነው። ማባዛት በቅጡ ያልለመደ ልጅ ነው።

## ከ24 ለ 8 እስከ 26 ለ 24

በዚያ ቀን ሰዓት ወደፊት ተቀይሮ ስለነበር ማታው ከወትሮው ዘግይቶ ነው የጨለመው። ማግስቱ የሕዝብ በዓል ነው፤ ልጁ እንዲያመሽ ተፈቅዶለታል። ስታዲየሙ ከሰማንያ ሺህ በላይ ሰው ይዟል። የመጀመሪያው አጋማሽ ፔንሪት 8፣ ብሪስበን 6 ሆኖ አለቀ። ባለቤቴ ፈንዲሻና ቡና አቀረበች።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ኤዝራ ማም የሚባል የብሪስበን ወጣት ያደረገውን ለማመን ይከብዳል። አሥር ደቂቃ በሚያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ አገባ። ሦስቱም ባለ ስድስት። 12፣ 18፣ 24። በፔንሪት በኩል ጃሮም ሉዋይ ትከሻውን ተጎድቶ ወጣ። 24 ለ 8፤ የቀረው ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው።

ልጄ ትራሱን ጎትቶ ፊቱን የቀበረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ይርገበገብ ነበር። ከዚያ ድምፁ ወጣ። ቀስ ብሎ እንደሚፈላ ነገር። ጀርባው ላይ ያለው የፓንተርስ ማሊያ፣ ለልደቱ የገዛሁለት፣ ወደ ላይ ተሰብስቦ የጀርባ አጥንቱ ይታየኛል። እጄን ጀርባው ላይ አሳረፍኩ። እያጽናናሁት ነው። በሌላው እጄ አፌን ይዣለሁ።

ስንት ጊዜ ወደዚህች ቅጽበት ተመለስኩ መሰላችሁ። ሰው ሁለት ስሜት በአንድ ጊዜ ሊሰማው ይችላል፤ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ግን ሁለት አልነበረም። ብፈልግ ብፈልግ በዚያች ሰዓት ለልጄ የተሰማኝን ሐዘን ላገኘው አልቻልኩም። አልነበረም። የነበረው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ምናምን የሚል ሐሳብ ነው። ለቅሶው እንኳን ገንዘቡ እንደደረሰልኝ የሚያበስር ድምፅ ሆኖ ነበር የሚሰማኝ።

እና አልበቃኝም። ብሪስበን ከ13 ነጥብ በላይ በሆነ ልዩነት ያሸንፋል ብዬ ሌላ አምስት መቶ ዶላር ልጨምር አሰብኩ፤ ሐሙስ ከምከፍለው የቤት ኪራይ። የአውስትራሊያ ሕግ፣ በ2001 የወጣው፣ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ በኢንተርኔት መወራረድን ይከለክላል። መተግበሪያው ላይ መንካት አይቻልም። በስልክ ደውሎ ለሰው መናገር ግን ይፈቀዳል። ስለዚህ «ውኃ ልጠጣ» ብዬ ከልጄ ጀርባ ላይ እጄን አነሳሁ፣ በወጥ ቤት በኩል ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ደወልኩ።

ጓሮው ጨለማ ነው። የታጠበ ልብስ ተሰቅሏል። ስልኩ ሙዚቃ ያሰማኛል፣ «ተራዎን ይጠብቁ» ይለኛል። እጠብቃለሁ። ብዙዎች ይህን ሕግ የድሮ ሕግ ነው፣ በአንድ ንክኪ ይሁንልን ይላሉ፤ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዛሬ ያንን የመጠበቂያ ሙዚቃ አመሰግነዋለሁ። በአንድ ንክኪ ቢሆን ኖሮ የቤት ኪራዩም አብሮ ሄዶ ነበር። ከውስጥ ጩኸት ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች፣ የደንበኛ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፣ የትኛው ቡድን አለችኝ።

«ብሪስበን» አልኩ።

በሩ ተበረገደ። ልጄ በባዶ እግሩ፣ ጉንጩ እንደረጠበ፣ ሮጦ ወጣ። «አባ! ሊዮታ አገባ! 24 ለ 14! ና እንጂ!» እጄን ይዞ ጎተተኝ። ሴትየዋ ስልኩ ውስጥ «ሄሎ? ስንት ላድርግልዎት?» ትላለች። ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ አይቼዋለሁ ማለት አልችልም። ስቲቨን ክራይተን አገባ፤ 24 ለ 20። ልጄ ሶፋው ላይ ቆሞ ይዘላል። እናቱም ከእሱ ጋር ትጮኻለች፤ የጨዋታውን ሕግ እንኳን በቅጡ አታውቀውም። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኔታን ክሊሪ ኳሷን ይዞ የብሪስበንን ተከላካዮች አታሎ በመካከላቸው ሰንጥቆ ገባ፤ ራሱ መትቶ ሁለቱን ጨመረ። 26 ለ 24። በአሥራ ስድስት ነጥብ ከመመራት ተነስቶ ማሸነፍ በዚህ ውድድር የፍጻሜ ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። አገሩ ሁሉ ስለዚያች ምሽት ዛሬም ያወራል። እኔ እዚያው ሳሎን ውስጥ ነበርኩ፤ የታየኝ ግን ገንዘቤን ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው።

ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሲስመኝ ሰውነቴ ደነዘዘ። «አባ አሸነፍን! አሸነፍን እኮ!» ይለኛል። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በላይ ቃል አልመጣልኝም።

## «ልጁ ያውቃል?»

ልጁ ከተኛ በኋላ ለባለቤቴ ነገርኳት። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም፤ በማግስቱ ማታ ጋሼ ደጅ ባዶ እጄን መቆም ስለማልችል ነው። የቡና ስኒዎቹን እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘጋች። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄያለሁ፤ አልጮኸችም። እጇን በፎጣ አደራርቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም።

«ልጁ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኳት።

ደሴ ላሉት እናቷ ልትልክ ያስቀመጠችውን አመጣች። ሰባት መቶ ነበር፤ ሦስት መቶውን እኔ ከባልደረባዬ ተበደርኩ። ሰኞ ማታ ጋሼ ፖስታውን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። «ቡና ጠጣ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሳይቆጥሩ መቀበላቸው ቢቆጥሩት ኖሮ ከሚሰማኝ ይልቅ ከበደኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እናቴ ይህን የምትለው ሌላ ሰው ሲሳሳት እንጂ እኔን አልነበረም።

እዚያ ተቀምጬ ስለ ዕጣ ማሰብ ጀመርኩ። እቁብም ዕጣ አለው። ማን መጀመሪያ እንደሚወስድ አይታወቅም፤ ልብ ይመታል፣ ስም ሲጠራ ይጨበጨባል፣ የቸገረው ሰው ተራ ለምኖ ይወስዳል። ግን ሃያ ሰው ሃያ ወር ካዋጣ እያንዳንዱ ሃያ ሺውን ይወስዳል። አንድ ሳንቲም በመሐል አይጎድልም። ዕጣው የሚወስነው መቼ የሚለውን ብቻ ነው። የእኔ መውሰድ የአንተን አያጠፋውም።

ውርርዱን ደግሞ ቁጭ ብዬ በወረቀት ሠራሁት፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሠርቼው አላውቅም ነበር። ሁለት እኩል የሆኑ ቡድኖች ቢሆኑ ትክክለኛው ዋጋ ለእያንዳንዳቸው 2 ነው፤ አንድ ዶላር አስይዘህ ሁለት ትወስዳለህ። አወራራጆቹ ግን ለእንዲህ ያለው በብዛት የሚሰጡት 1.90 ነው። ከመቶ ዶላር አምስቱ ገና ኳስ ሳትነሳ ሄዷል ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ይመስላል። አሁን አርብ አርብ የምንቆርጠውን መልቲ እንይ። አራት እንደዚህ ያሉ ግምቶችን ብታስር 1.90 አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 13 ይሆናል። ትክክለኛው ግን 16 ነበር። ከመቶው ወደ አሥራ ዘጠኝ ዶላር የሚጠጋው ከመጀመሪያው የለም። ሰኞ ሰኞ «አንዷ አበላሸችብኝ» ስንል የነበረው ስህተት ነው። አንዷ አይደለችም ያበላሸችው። ሲታሰር ነው የተበላሸው።

በዚህ አገር ሰዎች በየዓመቱ በቁማር የሚያጡት ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል በዓለም አንደኛ የሚያደርግ። ትልቁ ድርሻ የቁማር ማሽኖቹ ነው። ሲድኒ ያለችበት ግዛት፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ማሽኖቹን በመዝናኛ ክበቦች ውስጥ ከ1956 ጀምሮ ፈቅዳለች፤ የራግቢ ሊግ ክበቦችም ከዚያ ገንዘብ ነው ያደጉት። ልጄ የሚወዳቸው ቡድኖች የቆሙበትን መሬት ብትቆፍረው ከሥሩ የአንድ ሰው ደመወዝ ታገኛለህ። ይህን ሳውቅ ጨዋታውን አልጠላሁትም። ክሊሪ የሮጠው ሩጫ ንጹሕ ነው። ግን ዙሪያውን ያለው ነገር ለልጄ የማይመጥን መሆኑን በግልጽ እናገራለሁ። ሊጉ በ2024 የውድድር ዘመኑን ላስ ቬጋስ ሄዶ ሲከፍት፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የአሜሪካንን የውርርድ ገበያ መድረስ መሆኑን መሪዎቹ ራሳቸው አልደበቁም።

በዚያው በ2023 ሰኔ ላይ በፒታ መርፊ የሚመራ የፓርላማ ኮሚቴ ሠላሳ አንድ የመፍትሔ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አንዱ የኢንተርኔት ውርርድ ማስታወቂያን በሦስት ዓመት ውስጥ በደረጃ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው። ሴትየዋ በካንሰር ታማ እየሠራች ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሳይጠናቀቅ አረፈች። ሪፖርቱ ከወጣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላም ሙሉ እገዳው አልመጣም። ልጄ ቁርስ ላይ ኦድ ሲነግረኝ የነበረው በዚህ መሐል ነው። በማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «ምናልባትም ልትሸነፍ ነው» የሚል አስገዳጅ ቃል ይነበባል። እውነት ነው። ግን በጣም በፍጥነት ነው የሚነበበው፣ ልጅም አይሰማውም።

## መዝገቡ

ከዚያ እሑድ ሳምንት ሳይሞላ ስሜን ቤትስቶፕ ላይ አስመዘገብኩ። መንግሥት በነሐሴ 2023 የከፈተው መዝገብ ነው፤ ስምህ ከገባ በአገሪቱ ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔትና የስልክ አወራራጆች በሙሉ ሊያስተናግዱህ አይችሉም፣ መልእክትም አይልኩልህም። ቅጹ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ለምን ያህል ጊዜ ይላል፤ ከሦስት ወር እስከ ዕድሜ ልክ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ምንም አትልም። ጣቴ ሦስት ወር ላይ ቆመ። ሦስት ወር ማለት ጥር ላይ ነጻ መሆን ነው፤ የሚቀጥለው የውድድር ዘመን ሳይጀምር። ይህን ስሌት በሐሳቤ ስሠራው ራሴን ያዝኩት። ዕድሜ ልክ የሚለውን ነካሁ።

መዝገቡ ሁሉን አይሸፍንም። ፐብ ገብቶ በካሽ መወራረድ ይቻላል፤ ማሽኖቹም ከዚህ ውጭ ናቸው። ከሥራ ስመለስ የማልፍበት መንገድ ጥግ ላይ አንድ ፐብ አለ፣ በመስኮቱ የፈረስ ውድድር የሚታይበት። አሁን ባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ ነው የምሄደው። አራት ደቂቃ ይጨምራል። ወንድሜንም ደውዬ ከዚያ ደስታ በቀር የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ስንት ነው የተበላኸው?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ እሱም የራሱን ነገረኝ። እንዲህ አውርተን አናውቅም ነበር።

የ2024ቱን ፍጻሜ ፔንሪት 14 ለ 6 ሲያሸንፍ ያለ ምንም ነገር ተቀምጬ አየሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ነበር። ጨዋታው ቀዘቀዘብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ። ለካ ለዓመታት የማየው ጨዋታውን አልነበረም። እንደገና መልመድ ነበረብኝ፤ ልጄ «እዚህ ጋ ተመልከት አባ፣ ሰውየው ኳስ ሳይኖረው እንዴት እንደሚሮጥ እይ» እያለ አስተማረኝ።

ባለፈው መስከረም 25 ቀን 2018፣ ኦክቶበር 5 ቀን 2025፣ ለፍጻሜ የደረሱት ብሪስበንና ሜልበርን ስቶርም ናቸው። ፔንሪት የለም። ሳምንት ቀደም ብሎ 14 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ በብሪስበን 16 ለ 14 ተሸንፎ ቀርቷል፤ ልጄ ሁለት ቀን ራቱን በቅጡ አልበላም። አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፊቱን ትራስ ውስጥ አይቀብርም፣ ክፍሉ ገብቶ በሩን ነው የሚዘጋው። ቢሆንም ፍጻሜውን አብረን ለማየት ወጣ። ስልኬ ወጥ ቤት ፍሪጁ ላይ ነው።

ያን ምሽት ብሪስበን ከኋላ ተነስቶ 26 ለ 22 ያሸንፋል፤ እኔ የማስታውሰው ግን የዕረፍቱን ሰዓት ነው። ሜልበርን 22 ለ 12 እየመራ ነበር። ማስታወቂያው ኦድ ሲጀምር ልጄ ሪሞቱን አንስቶ ድምፁን አጠፋው። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጠየቀኝ።

«አባ፣ ዛሬም ብሪስበን ነህ?»

ወዲያው አልገባኝም። ከዚያ «ዛሬም» የምትለዋ ቃል ገባችኝ። የጓሮው ጨለማ፣ የተሰቀለው ልብስ፣ የተበረገደው በር። ለእናቱ አያውቅም ብያት ነበር።

«ያኔ ሰምተኸኝ ነበር?» አልኩት።

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ያኔ ብሪስበን ነበርኩ» አልኩት። «ገንዘብ አስይዤ። ስታለቅስ ደስ ብሎኝ ነበር።» ይህን ለመናገር አላሰብኩም፤ ወጣ።

ጥቂት ዝም አለ። «ዛሬስ?»

«ዛሬ ምንም አላስያዝኩም።»

«እሱን አላልኩህም» አለ። «ማንን ነው የምትደግፈው ነው ያልኩህ።»

አሰብኩ። «ሜልበርንን» አልኩት። «አንተን ያሸነፈህን ቡድን እንዴት እደግፋለሁ።»

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ተጫዋቾቹ ወጡ። ድምፁን መለሰው፤ እግሩንም አንስቶ ጭኔ ላይ ዘረጋ።